ብስክሌት በፈረሰኛ ዓይን

ሰው አዲስ ነገር የሚመርጠው በአሮጌ ዓይኑ ነው። ሌላ ዓይን ከየት ያምጣ? አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የመጀመሪያ ሬዲዮዋን ልትገዛ የሄደች ቀን ሻጩን የጠየቀችው "ብዙ ይበላል? ሌሊትስ ያስቸግራል?" ብላ ነበር። ሠራተኛ መቅጠር እንጂ ሬዲዮ መግዛት አታውቅማ። አንድ የማውቀው የመዝገብ ቤት ሹም ደግሞ መነጽር ሲያደርጉለት፣ ፊደሉን ከማንበቡ በፊት ተነሥቶ ክፍሉን ወዲያና ወዲህ ተራመደበት። እንደ ጫማ ይጠብቀው እንደሆነ ሊያይ ነው። ትስቃላችሁ። እናንተስ የትዳር ጓደኛችሁን የመረጣችሁት በምን ዓይን ነው? ይቅር፣ አልጠየቅኋችሁም።

አብዮቱም ቢሆን "አዲስ ሰው እፈጥራለሁ" ብሎ ሲነሣ የመረጠበት ዓይን አዲስ አልነበረም። ትከሻ ያይ ነበር፤ ክንድ ያይ ነበር፤ ቁመት ይለካ ነበር። የጥንት ጦር መልማይም የሚያየው ይኸንኑ ነው።

እኔ የማጫውታችሁ በፈረሰኛ ዓይን ስለተመረጠ አንድ ብስክሌት ነው። ጨዋታው መጀመሪያው ላይ ያስቃል። በዚያው ቢቀር ደግ ነበር።

*

እንጅባራ የደረስኩት በመምህርነት ተመድቤ ነው። ያን ጊዜ ኮሶበር ማለት ነበር የሚቀናን። የኮሶበር ብርድ ብርድ ልብስ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ የሚጠብቅ ብርድ ነው። ሲኒማ የለ፣ አስፋልት የለ፣ ከዝናብና ከስብሰባ በቀር መዝናኛ የለ። ግጥም እጽፋለሁ ብዬ እቀመጥና ስነሣ የጻፍኩት የዝውውር ማመልከቻ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አያ ፈንታን ያወቅኋቸው በልጃቸው በይሁኔ ነው። ይሁኔ ተማሪዬ ነበር፤ የረጋ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያፍር፣ ትከሻው ከዴስኩ የሚበልጥ ልጅ። እናቱ ሕፃን ሳለ ሞታለች። አባቱ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብለው የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ግን ገበሬ ብላችሁ ብትጠሯቸው ቅር ይላቸዋል፤ ፈረሰኛ ናቸው። በጥር፣ የፈረሰኞች በዓል ቀን፣ ዳማ ፈረሳቸውን አስጊጠው ሜዳ ሲወጡ ከእሳቸው ቀድሞ ጉልበቱን የሚያሳይ አልነበረም አሉ። ሲቆጡ በአገውኛ ይቆጣሉ፤ ሲያሾፉ በአማርኛ ያሾፋሉ። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ አማርኛ ነበር የሚናገሩት።

ይሁኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ውጤቱ የትም አላስገባውም፤ ቤቱ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ግን ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤቱ የተቀመጠ ጎረምሳ ተቀመጠ አይባልም። ተራ ያዘ ነው የሚባለው። በሰሜን ጦርነት አለ፤ ጦርነቱ ሰው ይፈልጋል፤ ቀበሌው ደግሞ የተፈለገውን ያህል ያቀርባል። ሲጠሩ የመጡትን እየላከ፣ ያልመጡትን ከገበያ እየለቀመ። አያ ፈንታ ልጃቸው ገበያ ሲሄድ ከኋላው የሚሄዱ አባት ሆነው ነበር። "ፈረስ እንኳ እንዲህ ጠብቄ አላውቅም" ይሉኝ ነበር።

*

በዚህ መካከል የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ከውጭ አገር ተምሮ መጣ። ከየትኛው አገር እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ ወዳጅ አገር ነው። ይዞ የመጣው ነገር ግን እንግዳ ነበር። ሦስት ውድድር ባንድ ቀን፣ ባንድ ሰው። መጀመሪያ ዋና፤ ከውሃው ወጥተህ ገላህ ሳይደርቅ ብስክሌት ላይ ትወጣለህ፤ ከብስክሌቱ ወርደህ ሳትቀመጥ ትሮጣለህ። ኃላፊው ትሪያትሎን አለው። ሕዝቡ ስሙን አንድ ሳምንት ተሸክሞት ከረመና ጥሎ "ሦስቱ ጣጣ" አለው።

ዋናው ዘንገና ሐይቅ ላይ ነው፤ ከዚያ በብስክሌት ኮሶበርን አቋርጦ እስከ አዲስ ቅዳም መግቢያ፤ ከዚያ በእግር ከተማዋን ዞሮ እስከ ገበያው ሜዳ።

ለአያ ፈንታ አስረዳኋቸው። እሳቸውም፣ ውሃ አቋርጦ፣ ጋልቦ፣ እሱ አልበቃ ብሎት ደግሞ በእግሩ የሚሮጥ ሰው የሚያውቁት አንድ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ፤ እሱም የሚፈለግ ሰው ነው። "ማን እያባረረው ነው?" አሉኝ። እኔ መጀመሪያ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ከዚያ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ቀልድ የሚሳቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ነገር ግን አንድ ወሬ ነበር። ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት የአውራጃው ስፖርተኞች ይሆናሉ፤ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይሠለጥናሉ፤ ስፖርተኛ ደግሞ ለውትድርና አይጠራም ተባለ። ማን አለ? እንዲህ ያለ ነገር ተባለ ይባላል እንጂ ማን አለ አይባልም። አያ ፈንታ ግን ይህን በሰሙ ማግስት ማንንም ሳያማክሩ ዳማውን ሸጡት። በዳማው ዋጋ ብስክሌት ይገዛል። ከዚያ የበለጠ ገንዘብ የለም፤ ከዚያ ሌላ የሚሸጥ ፈረስም የለም።

ዋናውን ይሁኔ ያውቃል። በክረምት ከብት የሚያሻግር ልጅ ውሃ አይፈራም። እግሩም እግር ነው። የቀረው ብስክሌቱ ነው፤ እሱንም ከጓደኛ እየለመነ ለምዶታል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቼ የነዳሁ ሰው በመሆኔ በኮሶበር የብስክሌት ሊቅ ተብዬ ተሾምኩ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ እንደ ዲፕሎማ አሳይቻለሁ። እናም ሦስታችን፣ አባት፣ ልጅና ሊቅ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ብስክሌት ልንመርጥ ዳንግላ ወረድን።

አያ ፈንታ ትከሻቸው ላይ ልጓም አንጠልጥለው ነበር። ፈረስ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ልጓሙን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ሻጭ ፈረስ እንጂ ልጓም አይሰጥም። ብስክሌት ልጓም እንደማያስፈልገው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ምን ቸገረኝ?

*

ዳንግላ የጋሪ አገር ናት። ከመኪናው ወርደን ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ግቢ የወሰደን አቶ ስማቸው የሚባሉ ባለጋሪ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ምላሳቸው ከጅራፋቸው የሚፈጥን ሰው። አያ ፈንታ አልሳፈርም ብለው ጋሪውን በእግር ተከተሉት። ፈረስን ከሳጥን ጋር ያጋባ ሰው አጠገብ አይቀመጡም። አቶ ስማቸውም ዞር እያሉ፣ በእግር የሚሄድ ፈረሰኛ ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ፣ ፈረሱ የት እንደቀረ ይጠይቃሉ። ዳማው መሸጡን አያውቁም። አያ ፈንታ ልጓሙን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

የምንሄድበትን ምክንያት ሲሰሙ ግን አቶ ስማቸው ጋሪውን አቆሙ። የእሳቸውም ልጅ፣ ዓለሙ፣ ሦስቱ ጣጣ ውስጥ ገብቷል። እሱም ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። እሱም ተራ ይዟል። ከዚያ በኋላ ጋሪው ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ፈረሱን አስረው አብረውን ገቡ።

ግድግዳ የተደገፉ አራት ብስክሌቶች ነበሩ። አንዱ ጎማ የለውም፤ አንዱ የሴት ነው። በዳማው ዋጋ የሚደረስባቸው ሁለት ቀሩ። አንደኛው ሰማያዊ ነው፤ መንገድ ሊቀይስ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ፤ ቀጭን ጎማ፣ ወደ ታች የታጠፈ መሪ፣ ማርሽ ያለው። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ፤ ዕቃ መጫኛ ያለው፣ መቆሚያ ያለው፣ ጭቃ መከላከያ ያለው፣ የክርስትና አባት የሚመስል ብስክሌት።

እኔ ወደ ሰማያዊው ሄድኩ። በአንድ እጄ አነሣሁት። "ይኸው፣ እንዴት ቀላል እንደሆነ!" አልኩ።

አያ ፈንታ አዘኑልኝ። "መምህር፣ ሰውን ቀላል ነው ስትል ስድብ ነው። ለፈረስ እንዴት ምስጋና ይሆናል?"

ከዚያ መመርመር ጀመሩ። ብስክሌቶቹን ከኋላ አልቀረቧቸውም፤ ከጎን ዞረው መጡ። መዳፋቸውን ኮርቻው ላይ አሳርፈው ጥቂት ጠበቁ፤ ይደነብር እንደሆነ። ሰማያዊውን አይተው፣ ይህ ምን ሆኖ ነው ያቀረቀረው፣ አሉ፤ የሚያቀረቅር ፈረስ ወይ ታሟል ወይ ሊነክስ ነው። እግሩን አዩ፤ ቀጭን ነው። ደረቱን አዩ፤ ጠባብ ነው። ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ሾሏል። ይህ አርጅቷል አሉ። ጥቁሩ ዘንድ ሄደው ሲደግፉት አልተነቃነቀም፤ አጥንቱ ወፍራም ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ቀና ብሎ ቆሟል። ደወሉን ነኩት፤ ጮኸ። "ድምፅም አለው" አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ማለቁን አወቅሁ።

ተከራከርኩ። ውድድሩ የፍጥነት ነው፣ ዳገት አለው፣ ማርሽ ያስፈልጋል አልኩ። እሳቸው የሚያስቡት ሌላ ነበር። ልጄ ከሐይቅ ወጥቶ እየተንቀጠቀጠ በላዩ የሚወጣበት ነገር ነው፤ ፒስታ መንገድ ላይ ነው፤ ቀጭን አጥንት ከመንገድ ይሰበራል፤ የተሰበረ ፈረስ ሦስተኛም አይወጣ፣ ሠላሳኛም አይወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፊሉ ትክክል ይመስል ነበር። ሞኝነት ሙሉ በሙሉ ሞኝነት ቢሆን ኖሮ ማን ይሳሳት ነበር?

ስንከራከር የይሁኔ እጅ የሰማያዊው መሪ ላይ ነበር። አባቱ ሲወስኑ አነሣው።

አቶ ስማቸው ይህን ሁሉ በር ተደግፈው ያዩ ነበር። ተጠግተው ሰማያዊውን ገለበጡት፤ የኋላ ጎማውን አሽከረከሩና ጆሯቸውን አስጠጉ። ብዙ ዞረ። የጋሪ ሰው ጎማ እንጂ ፈረስ አያይም። ሲቆም ቀና ብለው ዋጋውን ጠየቁ።

ሲወጡ አያ ፈንታን ሳይነኩ ማለፍ አልቻሉም። "አያ ፈንታ፣ የእርስዎ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማጓጓዣ ይሆንዎታል።"

"ያንተን ደግሞ ንፋስ እንዳይወስደው በገመድ እሰረው" አሉ አያ ፈንታ።

ጥቁሩን ይሁኔ እንዲነዳው አልፈቀዱም። በተገዛበት ዕለት ፈረስ አይጋለብም፤ ሰው እስኪለምድ ይሳባል። ልጓሙን መሪው ላይ ጠምጥመው፣ በዳንግላ ጎዳና፣ በጋሪዎቹ መካከል፣ ደረታቸውን ነፍተው ሳቡት። ሰው ቆሞ ያይ ነበር። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ እከተል ነበር፤ የማላውቃቸው መስዬ።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደስ የሚል ነበር። ይሁኔ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እስከ ዘንገና ይነዳል፤ ይዋኛል፤ ይመለሳል። አያ ፈንታ ሰንሰለቱን ቅቤ ቀቡት። ዘይት ነው የሚቀባ ብላቸው፣ በዚህ ቤት ከቅቤ በላይ ምን አለ አሉኝ። ቅቤው አቧራውን እየሰበሰበ በየቀኑ ያጸዱታል፤ በየቀኑ ያጠቡታል፤ ማታ ቤት ያስገቡታል። ጅብ እኮ ብስክሌት አይበላም ብላቸው፣ "ጅብ ምን ያውቃል?" አሉኝ።

አንድ ቀን ይሁኔን፣ ሰማያዊውን ፈልገህ ነበር አይደል፣ አልኩት። አፈረ። "አባቴ ዳማውን ሸጦ ያመጣውን ምን እለዋለሁ፣ ጋሼ?" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ደግሞ ይሄም ይሄዳል" አለ። ይሄዳል ማለትና ይፈጥናል ማለት ልዩነት አለው።

*

የውድድሩ ቀን ብርዱ የዘንገናን ውሃ አጢሶት ነበር። ስለ ሐይቁ ሰው ብዙ ይላል፤ ታች የለውም ይላል፣ በየዓመቱ አንድ ሰው ይወስዳል ይላል። ጓድ ኃላፊው በተነፋ ጎማ ላይ ሰው አስቀምጦ ዳር ዳሩን አስጠበቀ። እኔና አያ ፈንታ እዚያ አልነበርንም፤ እኔ ከኮሶበር ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ቆሜ የሚያልፈውን እንዳይ ተመድቤ ነበር። አያ ፈንታ ማንም ሳይመድባቸው አጠገቤ ቆመዋል። ከውሃው አንደኛ የወጣው ይሁኔ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። እዚያ ዳገት ሥር ሲደርስም ገና ሁለተኛ ነበር። ከፊቱ ዓለሙ ብቻ፣ ያቀረቀረው ሰማያዊ ላይ አብሮ አቀርቅሮ፣ እንደ ተወረወረ ሽመል አለፈን።

ይሁኔ መጣ። ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ፔዳሉ ላይ ጥሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ዳገቱን ጀመረው። ጥቁሩ ብስክሌት አቃሰተ። ቅቤ የጠጣው ሰንሰለት ይጮህ ነበር። ግን እየወጣ ነው፤ ማለቴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እየወጣ ነበር።

አያ ፈንታ እጃቸውን አነሡ። "ዳገት ነው፣ ውረድለት!"

ማን ይሙት፣ ሌላ ልጅ ቢሆን አይሰማም ነበር። ይሁኔ ወረደ። ፈረስን ዳገት ላይ አትጋልበው፤ ወርደህ ሳበው፤ ሜዳው ላይ ይከፍልሃል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ይህን ነው፤ እግሩ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ታዘዘ። ብስክሌቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ኮርቻውን መታ መታ እያደረገ፣ ዳገቱን በሩጫ ሳበው። አባቱ በደስታ ተመለከቱት። ሌሎች ሁለት አለፉት። "ግድ የለም" አሉኝ አያ ፈንታ፣ "ሜዳው ላይ ይከፍለዋል።"

ፈረስ ውለታ ያውቃል። ብስክሌት አያውቅም።

በኃላፊው ላንድሮቨር አዲስ ቅዳም ስደርስ ሩጫው እያለቀ ነበር። ገበያው የቆመበት ቀን ነው፤ ከሰል የጫኑ አህዮች መካከል ልጆች እየተሽሎከለኩ ይሮጣሉ። ዓለሙ አንደኛ ገባ። አቶ ስማቸው ጅራፋቸውን አጩኸው ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ሞከሩ፤ አልቻሉትም፤ ተያይዘው ወደቁ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ሲገባ ይሁኔ ከኋላው የጀርባውን ላብ ያይ ነበር። ይህን ያህል ነው የቀረው። አንድ ዳገት ያህል።

አያ ፈንታ በጭነት መኪና ተሳፍረው ሲደርሱ ሁሉ ነገር አልቋል። ለሦስቱ ቱታ ተሰጥቷል። ይሁኔ ብስክሌቱን አቁሞ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሮጠው አቀፉት፤ ስንተኛ እንደወጣ እንኳ አልጠየቁም፤ ከዚያ ቱታውን አዩ፤ ልጃቸው ላይ አለመሆኑን አዩ። ወደ እኔ ዞሩ። ሊቁ እኔ ነኛ። ምን ልበላቸው? "በጣም ተቃርቦ ነበር" አልኳቸው። በሕይወቴ የተናገርኩት ከንቱ ነገር ብዙ ነው፤ ያን ያህል ከንቱ ግን አላስታውስም።

*

ሦስቱ ለሥልጠና ሄዱ። ዳንግላ በሄድኩ ቁጥር አቶ ስማቸውን ስለ ዓለሙ እጠይቃቸዋለሁ። ቡድን ውስጥ ነው ይሉኛል። በደንብ ይበላል፣ ይሮጣል ይሉኛል። አያ ፈንታን ይህን ልደብቃቸው አልቻልኩም፤ እየጠየቁ ያወጣጡኛል። የሰሙትን ይዘው ብስክሌቱን ሊያጥቡ ይሄዳሉ።

ይሁኔ ብዙም አልቆየም። ጨው ሊገዛ በብስክሌቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ለቀሙት። ከመኪናው ዘለው ያመለጡ ጎረምሶች እንዳወሩት፣ ወታደሮቹ ብስክሌቱንም ሊጭኑት አንሥተውት ነበር። ከባድ ነው ብለው ተዉት።

አያ ፈንታ ሄደው ከመንገድ ዳር አመጡት። ሳቡት እንጂ አልነዱትም፤ መንዳትም አይችሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት ይሉ ነበር። ቀላሉን ብገዛለት። ዳገቱ ላይ አፌን ብይዝ። ቀላሉን ብገዛለት። የሚያጽናናቸው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም የእግዜር ፈቃድ ነው ይላቸዋል። እሳቸው ግን ስለ እግዜር አልነበረም የሚያወሩት፤ ስለ ብስክሌት ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ አንድ እግሩን ያጣ የአዲስ ቅዳም ልጅ ተመለሰና የይሁኔን መጨረሻ እንዳየ ተናገረ።

*

ለቅሶው በአያ ፈንታ ደጅ ሜዳ ላይ ሆነ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ዕቃ ነው የሚወጣው፤ ልብሱ፣ ዱላው፤ ፈረሰኛ ወይም የፈረሰኛ ልጅ ከሆነ ደግሞ ፈረሱ። ፈረሱ ተጭኖ፣ ግላስ ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ በለቀስተኛው መካከል እየተሳበ ይዞራል። አይጋለብም። አያ ፈንታ ግን ፈረስ የላቸውም። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሰዎች ይህን አስበው፣ ደግ ደጉን ፈረስ ይዘው፣ የቱን እናውጣ ብለው መጡ።

"ይሁኔ የጋለበው እሱን ነው" አሉ አያ ፈንታ።

ከቤት አወጡት። ጥቁሩ ብስክሌት ታጥቧል። የዳማው ግላስ፣ ለማንም ሳይሸጡት የቀረው፣ ቀይ ዘርፉ እስከ ጎማው ድረስ ወርዶ ተንዘርፍፏል። ከሽማግሎቹ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ነውር ነው ያለም ነበር። አያ ፈንታ አልሰሙም። መሪውን ይዘው መሳብ ጀመሩ። ሜዳው አባጣ ጎርባጣ ነው፤ ብስክሌቱ በነጠረ ቁጥር ደወሉ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። የማኅበሩ ፈረሶች ደነበሩ። ሊስቅ የሚችል ሰው ነበር፤ እኔ ራሴ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም።

አልቃሿ ፈረስ የምታሞግስበት ግጥም ሞልቷታል፤ ለዚህ ግን ገና ማንም አልገጠመም። ከዚያ ድምፅዋን አወጣች፦

ገብስ የማይቀምሰው፣ ጭድ የማይበላው፣
ፈረስህ ከሳብህ፣ ምን ብለን እናብላው?

ሜዳው አንድ ላይ ጮኸ።

አቶ ስማቸውን ያየኋቸው በዚህ ጊዜ ነው። ከዳንግላ በእግር ይሁን በመኪና አላውቅም፤ ጋሪያቸው አልነበረም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለቀስተኛውን እየሰነጠቁ፣ ቀጥ ብለው ወደ ብስክሌቱ ሄዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ በእነሱ መካከል የነበረውን ሽሙጥ ብዙ ሰው ያውቃል። አያ ፈንታ ቆሙ። ቀድመው የተናገሩትም እሳቸው ናቸው፤ ለሁሉም የሚሉትን ነገር አሉ።

"ያንተ ልጅ ተረፈ። አንተ ጎማ ታውቃለህ፤ እኔ አጥንት አይቼ ገደልኩት።"

አቶ ስማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ ድምፃቸው ለእኔ እንኳ እምብዛም አልተሰማም።

"አያ ፈንታ፣ እነዚያን ሦስቱን ከሥልጠናው ቦታ ነው የጫኗቸው። ተሰብስበው ነበር፤ ጤናቸው ታይቶ ነበር፤ መልቀም እንኳ አላስፈለገም። ዓለሙ ዳገቱ ላይም አልወረደም፣ ብስክሌቱም ቀላል ነበር። ከይሁኔ በፊት ነው የሄደው፤ ለመምህር ቡድን ውስጥ ነው የምለው እውነቱ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። እስከ ዛሬ ወሬ የለም።"

አያ ፈንታ ትክ ብለው አዩአቸው። ከመሪው ላይ ግራ እጃቸውን አነሡና ወደ ቀኙ ጠጋ አሉ። አቶ ስማቸው የግራውን ያዙ። ብስክሌት ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፤ በሁለት ሽማግሌ ሲሳብ መንገዱን አያውቅም፤ ወዲያ ይላል ወዲህ ይላል። እየታገሉት ዞሩ።

አልቃሿ ይሁኔን እየጠራች እነሱ ያሉበት ስትደርስ፣ አቶ ስማቸው መሪውን ሳይለቁ ቀስ ብለው፣ "ዓለሙንም ጥሪው" አሏት።